ኖራ

ኖራ የሦስት የካልሲየም ውህዶች የጋራ ስም ነው። የመጀመሪያው ተፈጭቶ የሚቀርበው የኖራ ድንጋይ ሲሆን በኬሚስትሪ ምደባ ካርቦኔት ነው፤ ዋና ማዕድኑም ካልሳይት ይባላል። ድንጋዩ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣና ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል። ይህ ደግሞ ውኃ ሲነካው እየጋለ ወደ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይለወጣል፤ ግድግዳ የሚቀባው ይኸኛው ነው።

በአዊ ዞን፣ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ፣ ቃሉ በይበልጥ የሚነሳው ከእርሻ ጋር ነው። በዝናባማው ደጋ ካልሲየምና ማግኒዚየም ከአፈሩ እየታጠቡ ስለሚሄዱ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል። የተፈጨው ካርቦኔት አሲዳማነቱን ይቀንሳል፤ ሥር የሚጎዳውን አሉሚኒየምም ከአፈሩ ውኃ ያስወግዳል።

ነጭ ዱቄት ሁሉ ግን ኖራ አይደለም። ጄሶ የካልሲየም ሰልፌት ስለሆነ አሲዳማነትን አያክምም። ዲያቶማይት ደግሞ ዲያቶም የተባሉ ደቂቅ ዋቅላሚዎች ቅርፊት ክምችት ነው፤ በስምጥ ሸለቆ የጥንት ሐይቆች ደለል ውስጥ ይገኛል። ቅርፊቱ የክሪስታል አደረጃጀት የሌለው ሲሊካ ነው፤ ዲያቶማይትም ከደለል አለት ይመደባል። መለያው ቀላል ነው፤ ኮምጣጤ ጠብ ሲልበት የኖራ ድንጋይ ዱቄት አረፋ ያወጣል፣ ንጹሕ ጄሶና ዲያቶማይት ግን ዝም ይላሉ።