699 ሲሲ፦ ጉምሩክ የለካው ሞተር

የድሮ ክሩዘር ሞተር ሳይክሎችን መረጃ በሰንጠረዥ እያደራጀሁ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው ያማሃ ቪራጎ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሞተሩ 748 ሲሲ ነው፤ በ1984 699፤ በ1988 ደግሞ ተመልሶ 748። ዳታው ተበላሽቷል ብዬ ላስተካክለው ነበር። ግን የሆንዳ ሻዶውም 750 የነበረው 700 ሆኗል። ሱዙኪ ኢንትሩደር ደግሞ ለአሜሪካ 700፣ ለሌላው ዓለም 750 ነው። ሦስት ተፎካካሪዎች በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ስህተት አይሠሩማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1983 ሚያዝያ ወር ፕሬዚዳንት ሬገን፣ በሃርሊ ዴቪድሰን አቤቱታ መነሻነት፣ ከውጭ በሚገቡ ከ700 ሲሲ በላይ በሆኑ ሞተር ሳይክሎች ላይ 45 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣሉ። 4.4 በመቶ የነበረው በአንዴ 49.4 ሆነ። ጭማሪው በየዓመቱ እየቀነሰ አምስት ዓመት እንዲቆይ ነበር የታሰበው። ያኔ የሃርሊ ትንሿ ሞተር 1000 ሲሲ ገደማ ነበረች። መስመሩ የተሰመረው ከእሷም ዝቅ ብሎ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። የሞተር መጠን ማለት ፒስተኑ ሲመላለስ የሚጠርገው ቦታ ነው፤ የሚወስኑት የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋትና የፒስተኑ ጉዞ ናቸው። የቪራጎ ሲሊንደር ስፋት 83 ሚሊ ሜትር ነበር፤ 80.2 አደረጉት። የፒስተኑ ጉዞ 69.2 እንዳለ ቀረ። 2.8 ሚሊ ሜትር፣ በቃ። በሁለት ሲሊንደር አባዙት፤ 699 ይመጣል። ተጨማሪ ቀረጡም ቀረ።

ትልልቆቹ ሞተሮች ግን እንዲህ ጎንበስ ብለው ማለፍ አይችሉም። ለእነሱ የረዳው ሌላ ነገር ነው። ሆንዳ ኦሃዮ ውስጥ፣ ካዋሳኪ ነብራስካ ውስጥ ፋብሪካ ነበራቸው፤ እዚያው የተገጣጠመ ደግሞ ከውጭ እንደገባ አይቆጠርም።

ሃርሊ በበኩሉ ባገኘው ጊዜ ተጠቀመ። በ1986 883 ሲሲ ስፖርትስተርን በ3,995 ዶላር አወጣ። በ1987 ደግሞ ቀረጡ ከጊዜው በፊት እንዲነሳ ራሱ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመትም ተነሳ። በማግስቱ ዓመት ቪራጎ ወደ ድሮው መጠኑ ተመለሰ።

ኢንጂነሪንግ ስማር ቁጥር ከፊዚክስ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። 699 ግን የመጣው ከሕግ ነው። ኢንጂነሩ ጎበዝ ነበር፤ ጉብዝናው ግን ሞተሩን ለማሻሻል ሳይሆን ለማሳነስ ዋለ። 50 ሲሲ ያጣው ደግሞ ገዢው ነው።

ይሄ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የእኛው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ለአዲስ የቤት መኪና 1300 ሲሲ ላይ መስመር አስምሯል፤ ሲወጣ እስከዚያ 5 በመቶ፣ ከዚያ ካለፈ ቢያንስ 60 ነበር። እና አንድ ሞተር ከክብ ቁጥር ትንሽ ጎደል ብሎ ስታዩ መጀመሪያ ኢንጂነሩን አትጠይቁ። ቀረጡን ጠይቁ።