የምርኮኞቹ መዝሙርና የጣልያን አንድነት

ስለ ጣልያን አንድነት ሲወራ አንድ ታሪክ ሳይነሣ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1842 ሚላኖ ውስጥ፣ ላ ስካላ በተባለው ቲያትር፣ የጁዜፔ ቬርዲ ኦፔራ «ናቡኮ» ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ባቢሎን የተማረኩት ዕብራውያን አገራቸውን እየናፈቁ ሲዘምሩ፣ በኦስትሪያ ሥር የነበረው ተመልካች የራሱን ዕጣ አየና፣ ክልክል መሆኑን እያወቀ «ይደገም!» ብሎ አዳራሹን አናወጠው፤ ይባላል። ደስ ይላል። ነገር ግን የዚያን ጊዜ ጋዜጦች ያገላበጡ የሙዚቃ ታሪክ ሊቃውንት ያገኙት ሌላ ነው። ይደገም የተባለው ይህ ሳይሆን፣ ዕብራውያኑ ወደ ፍጻሜው ለአምላካቸው የሚያቀርቡት ውዳሴ ነበር።

ታዲያ ኪነት አገር ትሠራለች የሚባለው ሁሉ ተረት ነው ማለት ነው? እንደሱም አይደለም።

የፖለቲካውን ነገር ባጭሩ ልለፈው። በ1859 ካቩር የፈረንሳይን ጦር አጋር አድርጎ ኦስትሪያን ከሎምባርዲያ አስወጣ። በ1860 ጋሪባልዲ አንድ ሺህ ያህል ወዶ ዘማች አስከትሎ ሲሲሊ ወረደ። በ1861 መንግሥቱ ታወጀ፤ ሮማ በ1870 ተያዘች። ይህን የሠራው መድፍና ዲፕሎማሲ ነው፤ መድፍ ደግሞ ዜማ አይጠይቅም።

ግን እነማን ነበሩ የተዋሐዱት? በ1861 ከአራት ሰው ሦስቱ ያህል ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። ዛሬ ጣልያንኛ የምንለውን የሚናገረው ሕዝብ፣ አንዱ ሊቅ ከመቶ ሁለት ተኩል ነው ሲል፣ ሌላው ወደ አሥር ያደርሰዋል። የፒየሞንቴና የሲሲሊ ገበሬዎች ቢገናኙ በምልክት ካልሆነ በምን ይግባባሉ? የደራሲው ሥራ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አሌሳንድሮ ማንዞኒ የሚላኖ ልጅ ነው፤ አፉን የፈታውም በሚላኖኛ እንጂ በመጽሐፉ ቋንቋ አይደለም። «እጮኛሞቹ» የተባለውን ልብ ወለድ በ1827 ካሳተመ በኋላ ፍሎሬንስ ሄዶ የአገሬውን አነጋገር አዳመጠ። ከዚያ የታተመውን፣ ያውም የተወደደውን መጽሐፍ፣ ቃል በቃል እያረመ ከ1840 እስከ 1842 እንደገና አወጣው። እስቲ አስቡት! በ1868 ደግሞ የትምህርት ሚኒስትሩ ቋንቋው በአገሩ እንዴት ይስፋፋ የሚለውን ለሚያጠና ኮሚሲዮን ሊቀ መንበር አደረገው። ከናቡኮ ጩኸት ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው።

ቬርዲም ቢሆን ከ1848ቱ አመፅ በኋላ ዳር ቆሞ አላየም። በጥር 1849 ሮማ ላይ የታየው «የሌኛኖ ጦርነት» የሎምባርዲያ ከተሞች በ1176 ንጉሠ ነገሥት ባርባሮሳን ድል የነሡበት ታሪክ ነው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሮማ ሪፐብሊክ ታወጀባት። በ1859 ሰዉ «ቪቫ ቬርዲ» ይል ጀመር፤ የስሙ ፊደላት በጣልያንኛ «ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ የኢጣልያ ንጉሥ» የሚለው አጽሕሮት ናቸውና። ሙዚቀኛ አመሰገንክ ተብሎ ማን ይታሠራል? እንደሚመስለኝ የ1842ቱ ተረት ያደገው ከዚህ ወዲህ ነው። አገሪቱ ከቆመች በኋላ ወደ ኋላ ሄዳ መዝሙሯን መረጠች። በዚያ ምሽት ሎዡን የሞላው መኳንንትና ከበርቴ መሆኑን ግን ተረቱ አያነሣም።

ይኸው ቬርዲ ከእኛም ጋር ጉዳይ አለው። በ1871 ለግብፁ ገዥ ለከዲቭ እስማኤል ትእዛዝ የደረሰው «አይዳ» ካይሮ ላይ ታየ። እዚህ ምርኮኛዋ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ እሷም አገሯን ትናፍቃለች፤ አሸናፊዋ ግብፅ ናት። አራት ዓመት ሳይሞላ የእስማኤል ጦር በእውን ዘመተ። በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ደግሞ ጉራ ላይ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተመታ።