ጥቁር ድንጋይ ለኪችን፡- ከመግዛትዎ በፊትና ካስገጠሙ በኋላ

ቤት ሠርቶ መጨረስን ያህል ኪስ የሚያራቁት ነገር ጥቂት ነው፡፡ ከመጨረሻዎቹ ወጪዎች አንዱ ደግሞ የኪችኑ ድንጋይ ነው፡፡ የካቢኔቱ በር ቢወልቅ ይቀየራል፤ ቧንቧው ቢያንጠባጥብ ይለወጣል፡፡ ድንጋዩ ግን አንዴ ተቆርጦ ከተገጠመ አብሮን ያረጃል፡፡ በፊኒሺንግ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ደንበኞቼ ስለ ቀለሙ ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ ድንጋዩ ምን ዓይነት እንደሆነና ገጹ እንዴት እንደተሠራ የሚጠይቁኝ ግን ጥቂቶች ናቸው፡፡ የጥቁር ድንጋይ ጣጣ ደግሞ ያለው እዚያ ላይ ነው፡፡

ጥቁር ሁሉ ግራናይት አይደለም

ገበያው “ጥቁር ግራናይት” የሚላቸው አብዛኞቹ ድንጋዮች በሥነ ምድር ባለሙያዎች አጠራር ጋብሮ ወይም ዶለራይት ናቸው፡፡ ይህ ለኪችን ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ጥቅጥቅ ያሉ ስለሆኑ ውኃና ዘይት የሚመጡት በጥቂቱ ነው፡፡ ወርቃማ ነጠብጣብ ያለው “ብላክ ጋላክሲ” የሚወጣው ከሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ግዛት፣ ኦንጎል ከተማ አጠገብ ካለችው ቺማኩርቲ ነው፡፡ “ሻንሺ ብላክ” የቻይና፣ “ዚምባብዌ ብላክ” ደግሞ ስሙ እንደሚለው የዚምባብዌ ነው፡፡

ነጫጭ ሥሮች ያሉት “ኔሮ ማርኪና” ግን ሌላ ነገር ነው፡፡ ከሰሜን ስፔን የሚመጣ፣ በንግዱ እምነ በረድ የሚባል የኖራ ድንጋይ ነው፡፡ ለመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ያምራል፡፡ ሎሚ፣ ቲማቲምና አቼቶ በማይጠፋበት ኪችን ግን አሲዱ ይበላዋል፤ ነጣ ያለ ደብዛዛ ምልክትም ይቀርበታል፡፡ “ኳርትዝ” ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ የተፈጨ ድንጋይ በሬዚን ማጣበቂያ ተጋግሮ በፋብሪካ የሚሠራ ነው፡፡ እድፍ በቀላሉ አይዘውም፤ ከእሳት የወረደ ድስት ግን ማጣበቂያውን ያበላሸዋል፡፡

ከሁሉ የከፋው ቀለም የተቀባው ድንጋይ ነው፡፡ አንዲት ደንበኛዬ በዕቁብ ገንዘባቸው ያስገጠሙት “ጥቁር ግራናይት” ሁለት ወር ሳይሞላው ሰላጣ የሚያዘጋጁበት ቦታ ግራጫ ሆነባቸውና ጠሩኝ፡፡ ነጭ ጨርቅ በአሴቶን አርሼ ሳሸው ጨርቁ ጠቆረ፡፡ ድንጋዩ ከመሠረቱ ግራጫ ነበር፡፡ ሻጩ “ከተቆረጠ በኋላ አይመለስም” አለ፤ እሳቸውም ከነጉዳታቸው ቀሩ፡፡ ስለዚህ ፈተናው ከመቆረጡ በፊት ይሁን፡፡

ቁራጭ ይጠይቁ፣ ቤትዎ ወስደው ይፈትኑ

ከሚገዙት ስላብ የተረፈ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ይጠይቁ፡፡ ከዚያ፡-

1. ነጭ ጨርቅ በአሴቶን (በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) አርሰው ይሹት፡፡ ጨርቁ ከጠቆረ አይግዙት፡፡

2. ያልተወለወለውን ጎን በውኃ ያርጥቡት፡፡ ያልተወለወለ ጥቁር ድንጋይ ሲደርቅ ግራጫ ቢመስል አይደንግጡ፤ እውነተኛው ሲረጥብ ይጠቁራል፡፡

3. የተቆረጠ ሎሚ ለ15 ደቂቃ ያስቀምጡበትና ይጥረጉት፡፡ ደብዛዛ ምልክት ከተወ ወይ ኖራ አለበት ወይ ገጹ የተቀባ ነው፡፡

4. የውኃና የዘይት ጠብታ ለ15 ደቂቃ ይተዉበት፡፡ ከተጠረገ በኋላ ጠቆር ያለ ቦታ ከቀረ ድንጋዩ ይመጣል፤ ሲለር ያስፈልገዋል ማለት ነው፡፡

ሻጩ ቁራጭ ለመስጠት እንቢ ካለ እኔ ሌላ ሱቅ እሄዳለሁ፡፡

የገጹ አጨራረስ

አንድ ዓይነት ድንጋይ በሦስት ዓይነት ገጽ ሦስት ድንጋይ ይመስላል፡፡

የተወለወለው በአልማዝ ማለስለሻ ከሻካራው ወደ ደቃቁ እየታሸ እንደ መስታወት የሚያበራው ነው፡፡ ጥቁረቱ እጅግ የጠለቀ ነው፤ እድፍም በቀላሉ አይገባበትም፡፡ ነገር ግን አቧራው፣ የደረቀ የውኃ ጠብታውና የጨርቅ መስመሩ ሁሉ ይታይበታል፡፡ መስኮት ፊት ለፊት ከሆነ ደግሞ ይብሳል፡፡

ደብዛዛው (“ሆንድ” ይሉታል) ማለስለሱ ከማብራቱ በፊት የተገታ ነው፡፡ ቀለሙ ወደ ከሰል ግራጫ ያደላል፡፡ ለዓይን ያሳርፋል፤ ቅቤ የነካ ጣት ግን ጠቆር ያለ ማኅተም ያትምበታል፡፡ ቁሌት በሚበዛበት ቤት ከሁሉም የበለጠ መጥረግ የሚጠይቀው ይህ ነው፡፡

ሦስተኛው በብሩሽ ተቦርሾ እንደ ቆዳ ወጣ ገባ የሆነው ነው፡፡ የጣትና የውኃ ምልክት ይሸሽጋል፤ በመዳፍ ሲነካም ደስ ይላል፡፡ ነገር ግን የበርበሬና የሽሮ ዱቄት ጎድጎድ ባለው ቦታ ይገባበታል፤ ሊጥ ለሚዳምጥበትም አይመችም፡፡ በእሳት ተመትቶ የሻከረው ለውጭ ደረጃ እንጂ ለምግብ ቦታ አይሆንም፡፡

የገጠሙትን በኋላ ማስቀየር ይቻል ይሆናል፤ ግን አቧራውም ወጪውም ከባድ ነው፡፡ እኔን ምረጥ ቢሉኝ፣ የእኛን ወጥ ለሚሠራ ቤት ዋናውን የሥራ ቦታ የተወለወለ አደርገዋለሁ፤ የተቦረሸውን ደግሞ ቡና ለሚቀርብበት ወይም ሰው ለሚቀመጥበት ጎን እመድበዋለሁ፡፡

ሲገጠም

ድንጋይ በቤት ውስጥ በደረቁ እንዲቆረጥ አይፍቀዱ፡፡ በውስጡ ያለው የሲሊካ ብናኝ ሳንባን የሚያጠነክር፣ መድኃኒት የሌለው ሲሊኮሲስ የተባለ በሽታ ያመጣል፡፡ በተለይ የፋብሪካው “ኳርትዝ” ብናኙ አደገኛ በመሆኑ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ አግዳዋለች፡፡ በውኃ እየተቆረጠ፣ ሠራተኛውም ተገቢውን ማስክ አድርጎ ይሥራ፤ የሰው ልጅ ሳንባ ከድንጋይ ይበልጣል፡፡

ባለ 2 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ከካቢኔቱ ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚወጣ ከሆነ ከሥሩ ድጋፍ ይደረግለት፡፡ ድንጋዩ የሚሰነጠቀው በአብዛኛው በሲንኩ ፊትና ኋላ ባለችው ቀጭን ቦታ ነው፡፡ ሙቀጫ እዚያ ላይ አይወቀጥ፤ መጋረጃ ለመስቀልም አይቆምበት፡፡ ጥቁር ድንጋይ ሙቀት ቢችልም የጋለ ድስት በቀዝቃዛ ገጽ ላይ ድንገት ማስቀመጥ ሊሰነጥቀው ይችላልና ማስቀመጫ ይኑረው፡፡

በየቀኑ

ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ አጥቦ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ፤ ይኸው ነው፡፡ በጥቁር ድንጋይ ላይ የሚታየው ግራጫ ጉም ብዙ ጊዜ ያልታጠበ ሳሙና ነው፡፡ በረኪና፣ አቼቶና የብረት ሽቦ ያርቁ፡፡ አንዳንድ የዝገት ማስለቀቂያዎች ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ስላለባቸው ግራናይትንም ይበላሉ፡፡

በቧንቧው ዙሪያ የሚጋገረውን ነጭ የውኃ ዝቃጭ ከተወለወለ ገጽ ላይ በፕላስቲክ ካርድ በቀስታ ይፋቁት፡፡ ቅቤ ወይም ዘይት ከገባ ቤኪንግ ሶዳ በውኃ እንደ ሊጥ አቡክተው ይለጥፉበት፤ በፕላስቲክ ሸፍነው ለአንድ ቀን ይተዉት፤ ካልለቀቀ ይድገሙት፡፡ ለእርድ እድፍ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የሚመከረው ለነጣ ድንጋይ ነው፤ ጥቁሩን ሊያነጣው ስለሚችል አሴቶን በጨርቅ ይጠቀሙ፡፡

ሲለርን በተመለከተ፣ “በየዓመቱ መቀባት አለበት” የሚለውን ዝም ብለው አይቀበሉ፡፡ በየዓመቱ የሚደረገው የውኃ ጠብታው ፈተና ነው፡፡ የማይመጥ ድንጋይ ላይ የተቀባ ሲለር የሚገባበት ስለሌለው ገጹ ላይ ደርቆ ጉም ይሆናል፡፡ እንዲያበራ ብሎ የምግብ ዘይት መቀባትም አቧራ መሰብሰብ ነው፡፡

እንግዲህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ፡- የድንጋዩን ስምና የመጣበትን አገር፣ ውፍረቱን፣ የገጹን አጨራረስ፡፡ የቃል ስምምነት ድንጋዩ ሲቆረጥ አብሮ ይቆረጣል፡፡

ቸር ይግጠመን!