ማታውን የሚዘጋው ማነው? የመጠጥ ሰዓትና ያልተጠየቀው ጎረቤት

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2017 ዓ.ም. ያወጣው ደንብ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ የንግድ ቤቶች ቢያንስ እስከ ምሽቱ 3:30 ክፍት ሆነው እንዲሠሩ ያስገድዳል። ዓላማው ከተማዋ በጊዜ እንዳትተኛ፣ ከሥራ አምሽቶ የሚወጣ ሰው የሚገዛው እንዳያጣ፣ ንግዱም እንዲንቀሳቀስ ነው። ነገሩ ስለ ዳቦ ቤትና ስለ ልብስ መሸጫ ቢሆን ብዙ ተቃዋሚ አይኖረውም። ነገር ግን የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ከዘይቱና ከፓስታው ማዶ ቢራ፣ ወይንና ዊስኪ ይደረድራል። የሱቅ ሰዓት ሲረዝም የመጠጥ ሰዓትም አብሮ ይረዝማል። በሌሎች አገሮች አንድ ሱፐርማርኬት መጠጥ የሚሸጥበትን ሰዓት ላራዝም ሲል ጥያቄ ያቀርባል፤ ጎረቤቶቹም ተቃውሟቸውን ያሰማሉ። እኛ ዘንድ ያ ሰልፍ የለም። ከግድግዳው ማዶ የሚተኛውን ሰው የሚጠይቀው የለም።

ይህ የዛሬ ጉድለት አይደለም። በዚህች ከተማ ታሪክ የመጠጥን ሰዓት ቤተ መንግሥት፣ ወታደርና ማዘጋጃ ቤት በየተራ ወስነውታል። ጎረቤት ግን ተራ ደርሶት አያውቅም። ጎረቤትን አለመጠየቅ የሚያስከትለውን ዋጋ ደግሞ ከኮልፌ ቀራንዮዋ ቆሼ በላይ የከፈለ ሰፈር የለም።

ከጥንቱ እንጀምር። ጠጅ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር፤ ሕዝቡ ጠላውን ይጠምቃል። በምኒልክ ግብር ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ መቼስ እንደሚነሣ የሚያስተናብሩት አጋፋሪዎች ነበሩ። መጠጡ ልክ ነበረው፤ ልኩ ግን ከላይ የሚሰፈር ነው። አዲስ አበባ እየሰፋች ስትሄድ መጠጡ ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ መሸታ ቤት ገባ። ጠጁን የምትጥለው፣ ጠላውን የምትጠምቀው፣ አረቄውን የምታወጣው ሴት ቤቷን ሱቅ፣ ሱቋን ቤት አደረገችው። መኖሪያና መጠጥ ቤት በአንድ ግድግዳ የመጋራታቸው ነገር የጀመረው ያኔ ነው።

የውጭው መጠጥም በባቡርና በውል ገባ። ከፈረንሳይ ጋር በ1900 ዓ.ም. የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል ኢትዮጵያ በውጭ ዕቃ ላይ የምትጥለው ቀረጥ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ አሰራት። መንግሥት መጠጥን በቀረጥ ልገድብ ቢል እንኳ እጁ የታሰረ ነበር። በ1915 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ተቋቋመና ቢራ የከተማው መጠጥ ለመሆን ጉዞውን ጀመረ።

በዚህ መሐል ቋንቋው ራሱ አንድ ነገር መዝግቧል። በአማርኛ «ቡና ቤት» ሲባል ቡና ብቻ የሚጠጣበት ቤት ማለት አይደለም፤ ቢራና አረቄ የሚቀዳበትም ነው። «ግሮሰሪ» የሚለው ቃል በመጣበት አገር ስኳርና ሩዝ የሚሸጥበት ሱቅ ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ቆመው ወይም በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሚጠጡበት ጠባብ ቤት ሆነ። የአስቤዛ ሱቅ ስም መጠጥ ቤት ላይ ቀረ። አንድ ቤት በአንድ ስም ገብቶ በሌላ ሥራ ሲኖር ጎረቤቱ መቼ እንደተለወጠ እንኳ አያውቅም፤ ማለዳ ሱቅ የነበረው ማታ ሙዚቃ ከፍቶ ያገኘዋል።

ሕጉ ጎረቤትን ጨርሶ ረስቶታል ማለት አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለ ንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይደነግጋል። ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፉ፣ ልኩም የአካባቢውን ልማድ በማየት እንዲመዘን ይላል። አሁን ባለው የአገሪቱ የድምፅ ደረጃ ደግሞ በመኖሪያ ሰፈር ቀን ከ55፣ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል ማለፍ አይፈቀድም። ሁለቱም መልካም ሕጎች ናቸው። ሁለቱም ግን የሚሠሩት ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው። እንቅልፉን ያጣው ሰው ጠበቃ ይዞ ወይም መለኪያ መሣሪያ ያለው መሥሪያ ቤት ፈልጎ ይሂድ ነው ነገሩ። ከፈቃዱ በፊት «አንተስ ምን ትላለህ?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ውስጥ የለም።

ቀጥሎ ማታውን የዘጋው ወታደር ነው። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ አብሮ ሰዓት እላፊ አወጀ፤ ሰዓቱ እየተቀያየረ ለዓመታት ዘለቀ። በዚያ ዘመን መጠጥ ቤት የሚዘጋው ጎረቤት ስለተቸገረ አልነበረም፤ ውጭ የተገኘ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ስለሚችል ነው። ሰዓቱ ያለፈበት ጠጪ በር ተቆልፎበት እዚያው ያነጋል። ስለዚህ ለአንድ ትውልድ «የመዝጊያ ሰዓት» የሚለው ነገር ከፍርሃት ጋር ተጣብቆ ቀረ። ዛሬም ስለ ሰዓት ገደብ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚሰማው የሰፈር ሰላም ሳይሆን የጠመንጃ ድምፅ ነው፤ ይህን ሳያስቡ ስለ ጉዳዩ መነጋገር አይቻልም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ማታው ተከፈተ፤ ከፋቹ ደግሞ ገበያው ሆነ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ፈረንሳዩ ካስቴል ተዛወረ። ሐረርና በደሌ በ2003 ዓ.ም. ለሄኒከን፣ ሜታ በ2004 ዓ.ም. ለዲያጆ ተሸጡ። አዳዲስ ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ የቢራ ማስታወቂያ ራዲዮኑንም ቴሌቪዥኑንም ሞላው። መንግሥት የነቃው ዘግይቶ ነው። በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስት አስወጣ፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥንም ከለከለ። ትልቅ እርምጃ ነበር። ትኩረቱ ግን በጠጪውና በሻጩ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ሰው፣ ማለትም የማይጠጣው፣ የማይሸጠውና ከጎን የሚኖረው፣ አሁንም ከውይይቱ ውጭ ቀረ።

ቆሼ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ከተማው ማየት ያልፈለገውን ወደዚያ አቅጣጫ መላክ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በ1926 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት የዘነበ ወርቅ ሆስፒታል በዚያው አካባቢ ተቋቋመ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ሆነ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ያኔ ዳር የነበረው ቦታ ከተማው ሲሰፋ መሐል ገባ። 36 ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው ክምር ሥር ሰው ቤት ሠራ፣ ልጅ ወለደ፣ ዕድር መሠረተ። ሽታውንና ጭሱን አንቀጽ 1225 ይከለክላል፤ ክምሩ ግን ማደጉን አላቆመም።

በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ እንዲዛወር ተወሰነና አዲሱ ቦታ ሥራ ጀመረ። የሰንዳፋ አካባቢ ገበሬዎች ሽታውን፣ የውሃቸውንና የከብቶቻቸውን ጉዳይ አንሥተው ተቃወሙ፤ በወራት ውስጥ ቦታው ተዘጋ። ገበሬዎቹ መቃወማቸው መብታቸው ነበር። ጥፋቱ ተቃውሟቸው የተሰማው ገንዘቡ ፈስሶ፣ ቦታው ተሠርቶ፣ መኪናው መራገፍ ከጀመረ በኋላ መሆኑ ነው። ቆሻሻው ተመልሶ ቆሼ መጣ፤ የቆሼን ነዋሪ በዚህ ጊዜም የጠየቀው አልነበረም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገራችን ሰው። ቆሼ ላይ የሆነው ከዚያም ይከፋል፤ ውሻው ቀድሞም ይጮኽ ነበር፣ የሚሰማው ጠፋ እንጂ።

የቢራ ሳጥን የቆሻሻ ተራራ አይደለም፤ ማንም አንድ አይነት ጉዳት ናቸው አይልም። አንድ የሚያደርጋቸው የውሳኔው መንገድ ነው። ቦሌ ላይ መጠጥ ቤት የሚያስቸግረው ባለ ቪላ ስልክ የሚደውልለት ሰው አለው። በቆሼ ዙሪያ ግን ቤቱ ከቤት የተጣበቀ ነው፣ ግድግዳው ጭቃና ቆርቆሮ ነው፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቶ ወደ ሥራ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። እዚያ የአንድ ሰዓት ጭማሪ ማለት ከሌላው ሰው እንቅልፍ ላይ የተቆረጠ አንድ ሰዓት ነው።

ሰዓት ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል፣ ዓለም ሞክሮታል። በብራዚል ሳኦ ፓውሎ ዳርቻ ያለችው ዲያዴማ፣ እንደ ቆሼ አካባቢ የወዛደር ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 መጠጥ ቤቶች ከምሽቱ 5 ሰዓት ጀምሮ እንዲዘጉ አደረገች። በኋላ የተሠራ ጥናት በወር 9 ያህል ግድያ መቅረቱን ገመተ። ስኮትላንድ ሱፐርማርኬቶች መጠጥ የሚሸጡት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ብቻ እንዲሆን ደነገገች፤ ሱቁ ክፍት ሊሆን ይችላል፣ የመጠጡ መደርደሪያ ግን ይዘጋል። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕግ መጠጥ ቤቶች በሥራ ቀን ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት እንዲሠሩ ወሰነች። ከዚያ የሚበልጠው ሌላው አንቀጿ ነው፦ የፈቃድ አመልካቾች ስም በማስታወቂያ ይወጣል፤ ተቃውሞ ያለው ማንኛውም ሰው ያቀርባል።

በሌላው ወገን ያለው ክርክርም ቀላል አይደለም። ጠላና አረቄ ሸጣ ልጅ የምታሳድግ እናት አለች፤ ሰዓቱን አለቅጥ ማጥበብ እሷን ይመታል፣ ባለ ፎቁን ሆቴል አይነካም። ገደቡ በጠበበ ቁጥር ጓዳ የሚሸጠው ይበዛል፤ ደንብ አስከባሪም የሚደራደርበት ነገር ያገኛል። አምሽቶ የሚሠራ ሰውም አንድ ቢራ ገዝቶ ቤቱ መግባት መብቱ ነው። ለዚህ ሁሉ ግን መልሱ ለመላው ከተማ አንድ ሰዓት መቁረጥ አይደለም። ያ የአጋፋሪውም የሰዓት እላፊውም መንገድ ነው።

የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ነው። መጠጥ ለመሸጥ ወይም ሰዓት ለማራዘም የሚፈልግ ቤት ጥያቄውን በበሩ ላይ ይለጥፍ። ወረዳው ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት ለተወሰነ ቀን ይጠብቅ። ተቃውሞውን የሚያቀርብ አካልም ከባዶ መፍጠር አያሻም፤ ቆሼን ጨምሮ በየሰፈሩ ዕድር አለ። መዝገብ አለው፣ ዳኛ አለው፣ አባላቱን በስም ያውቃል። ሙት ለመቅበር የሚታመን ማኅበር ስለ ሕያዋን እንቅልፍ ቢጠየቅ የሚመልሰው አያጣም። የሱቁን ሰዓት ማስረዘም እንደተፈለገ ይረዝማል፤ የመጠጡ መደርደሪያ ሰዓት ግን ለብቻው ታይቶ ከሰፈሩ ጋር ይወሰን።

ከተማዋ ማታዋን እያስረዘመች ነው፤ አይቀርም። የሰንዳፋው ጥያቄ ከግንባታው በፊት ቢቀርብ ኖሮ ቢያንስ ሌላ ቦታ ለመፈለግ ጊዜ ይኖር ነበር። የመጠጡ ሰዓት ገና በጅምሩ ላይ ነው፤ ለመጠየቅ አሁንም አልመሸም።