«በቡጢ የሰከሩ»፦ ከሪንግ ወደ ላቦራቶሪ

እ.ኤ.አ. በ1928 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ በኒውዋርክ ከተማ የሚሠሩት የፓቶሎጂ ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በቡጢ የሰከረ» የሚል ነው። ስያሜው የእርሳቸው ፈጠራ አልነበረም፤ የቦክስ አፍቃሪዎች ሲጠቀሙበት የኖሩት ቃል ነው። ሕመሙን ከሐኪሞች አስቀድሞ ያስተዋለው በሪንጉ ዙሪያ የተቀመጠው ሕዝብ ነበር ማለት ይቻላል።

ማርትላንድ የራስ ቅላቸው ሳይሰበር በጭንቅላት ጉዳት በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ ነጠብጣብ የሚመስሉ የደም መፍሰሶችን ተመልክተው ነበር። ተደጋጋሚ ቡጢም ተመሳሳይ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ገመቱ። የገለጿቸው ምልክቶች በመጠነኛ የሚዛን መዛባትና በእንቅስቃሴ መዘግየት ይጀምራሉ፤ እየቆዩም መንቀጥቀጥን፣ የንግግር መጎተትን፣ በመጨረሻም የአእምሮ መድከምን ያስከትላሉ።

ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ያብራሩት ደግሞ ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1941 ዴኒ-ብራውንና ራስል በእንስሳት ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ በነጻ የሚንቀሳቀስ ጭንቅላት ከታሰረው ይልቅ በቀላሉ ለኮንከሽን እንደሚዳረግ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1943 የኦክስፎርዱ የፊዚክስ ሊቅ ሆልቦርን አንጎልን በሚመስል የጄላቲን ቅርጽ በመጠቀም፣ ዋናው ጎጂ ኃይል የጭንቅላት ድንገተኛ መሽከርከር መሆኑን አስረዱ። አገጭን የሚመታ ቡጢ ተፋላሚን በዝረራ የሚጥለውም ጭንቅላቱን በኃይል ስለሚያዞረው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 ሮበርትስ በብሪታንያ 224 የቀድሞ ፕሮፌሽናል ቦክሰኞችን መርምረው በ37ቱ ላይ የነርቭ ጉዳት ምልክት አገኙ። ጉዳቱም በሪንግ ላይ በቆዩበት ዘመን ርዝማኔና በውድድራቸው ብዛት መጠን ይጨምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ኮርሴሊስና ባልደረቦቻቸው የ15 ቦክሰኞችን አንጎል ከሞት በኋላ መርምረው የሴፕተም መቀደድን፣ የሰብስታንሺያ ናይግራ ሕዋሳት መመናመንንና የነርቭ ሕዋስ ውስጥ ቋጠሮዎችን መዘገቡ።

ይህ ታሪክ ለጤና ባለሙያ የሚተወው ትምህርት ግልጽ ነው። እየተንገዳገደና ንግግሩ እየተጎተተ የሚመጣ ጎልማሳ ሁሉ ጠጥቶ አይደለም፤ የቀድሞ ሙያውንና ስፖርቱን መጠየቅ የምርመራው አካል ነው። ኮንከሽን የተጠረጠረበት ስፖርተኛም «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያው ዕለት ወደ ውድድር ሊመለስ አይገባውም። ሥር የሰደደው የአንጎል ጉዳት በእርግጠኝነት የሚታወቀው ዛሬም ቢሆን ከሞት በኋላ በሚደረግ ምርመራ ነውና፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ የምናደርገው ጥንቃቄ ምትክ የለውም።