ቋሚ እሴት (በኮምፒውተር ፕሮግራም)

ቋሚ እሴት ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሳለ የማይለወጥ፣ ስም የተሰጠው ቁጥር ወይም ጽሑፍ ነው። ፕሮግራሙ በብዙ ፋይሎች ሲከፋፈል እሴቶቹ በአንድ ፋይል ይሰበሰቡና ሌሎቹ ከዚያ ይወስዳሉ።

አጠቃቀም

ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ ማሾ የሚሰበስብ ነጋዴ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የግዢና የደመወዝ ፕሮግራም በላፕቶፑ ጫነ እንበል። ኩንታል 100 ኪሎ መሆኑ አይቀየርም። ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ ግን በ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ 600 ብር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ 2,000 ብር ሆኗል። 600 በደመወዙም በሪፖርቱም ፋይል ተጽፎ ከነበረ፣ አንዱ ታርሞ ሌላው ሊረሳ ይችላል። እንዲህ ያለውን በአዋጅ የሚለወጥ ቁጥር ቋሚ ማለቱም ያጠራጥራል። ያለፈ ዓመት ደመወዝ ዳግም ሲታተም የድሮው ልክ ስለሚያስፈልግ፣ ከሚጸናበት ቀን ጋር በሰንጠረዥ ማስቀመጡ ይመረጣል።

የዘመን መነሻ ቁጥር

የኢትዮጵያን ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም ቀኖችን ያለማቋረጥ ከሚቆጥረው የጁሊያን ቀን ቁጥር ይነሳል። መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. በጁሊያን አቆጣጠር ነሐሴ (ኦገስት) 29 ቀን 8 እ.ኤ.አ. ሲሆን ቁጥሩ 1,724,221 ነው። ሆኖም አይሲዩ በተባለው የሶፍትዌር ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም በብርሃኑ በየነና በማንፍሬድ ኩድሌክ ስም በሚታወቀው ቀመር የሚገኘው 1,723,856 ነው። ልዩነቱ ልክ 365 ቀን ነው። ስህተት ግን የለም፦ የመጀመሪያው ቁጥር የ1 ዓ.ም. የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ሁለተኛው 365ቱን በኋላ በሚደምር ቀመር ውስጥ ይገባል። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ፋይል አንዱን ቁጥር፣ ሌላው ሌላውን ይዞ ቀመሩ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። ውጤቱ አንድ ዓመት ይስታል፤ ወሩና ቀኑ ያው ወይም በአንድ ቀን ብቻ የተለየ ስለሚሆን ከዓይን ያመልጣል።

ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ለሚቆጠረው ዓመተ ዓለም የሚውለው ቁጥር ‎−285,019 ነው። ከ1,723,856 ጋር ያለው ልዩነት 2,008,875 ቀን ሲሆን፣ ይህም 5,500 ዓመት በ365.25 ሲባዛ የሚገኘው ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ከመጻፍ አንዱን ይዞ ሌላውን ማስላት ይበቃል።

ወደ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ሲጠቀለል

ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የማይነካ ቋሚ የለውም፤ ስሙን በትልልቅ የላቲን ፊደል መጻፍ ልማድ ብቻ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው 3ኛ ስሪት በግዕዝ ፊደል ስም ማውጣት ቢቻልም፣ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህ ልማድ አያገለግለውም። የፓይተን ፕሮግራም የሚጠቀልለው መሣሪያ ፓይኢንስቶለር ፕሮግራሙን ሲጠቀልል በኢምፖርት የተጠሩትን የኮድ ፋይሎች ተከትሎ ይይዛል፤ እንደ ጄሰን ያለ የመረጃ ፋይል ግን ካልታዘዘ አይጨምርም። በአንድ ፋይል የተጠቀለለ ፕሮግራም በተከፈተ ቁጥር በጊዜያዊ ማኅደር ስለሚዘረጋ፣ እዚያ የተደረገ እርማት አይቆይም። የግብር ሰንጠረዡ ከፕሮግራሙ ጎን በተለየ ፋይል፣ የዘመን መነሻው በኮዱ ውስጥ ቢቀመጥ ይመከራል።

በሌሎች ቋንቋዎች

በሲ ቋንቋ ቋሚ እሴቶችን በአንድ ቦታ ሰብስቦ ለሌሎች ፋይሎች የማካፈሉን አገልግሎት ሄደር ፋይል ይሰጣል።