«ማን ፈረመ?» ያለ ሰው ውሳኔ የሚገድሉ መሣሪያዎች ታሪክ

የማኅበራችን የቁጠባ ሣጥን ሦስት ቁልፎች አሉት፤ የሚይዟቸውም ሦስት የተለያዩ አባላት ናቸው። ገንዘብ ሲወጣ አንዷ ታዘጋጃለች፣ አንዷ ትመረምራለች፣ አንዷ ታጸድቃለች። ይህን ያደረግነው እርስ በርስ ስለማንተማመን አይደለም። ስህተት ቢፈጠር «ማን ፈረመ?» ሲባል መልስ የምትሰጥ ሰው እንድትኖር ነው። ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ከሣጥናችን ራቅ ወዳለ ጉዳይ እንሄዳለን።

በዓለም መድረክ ብዙ እያነጋገሩ ያሉት፣ በካሜራና በኮምፒዩተር እየታገዙ ዒላማቸውን ራሳቸው መርጠው የሚመቱ የጦር መሣሪያዎች ናቸው። ነገሩ አዲስ ቢመስልም አሮጌ ዘመድ አለው፤ እሱም የተቀበረ ፈንጂ ነው። ፈንጂ አንዴ ከተቀበረ አዛዥ የለውም። የረገጠው ወታደር ይሁን ውሃ ልትቀዳ የወጣች እናት አይለይም፤ ጦርነቱ ማብቃቱንም አያውቅም። በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ በድንበሩ አካባቢ ያለውን መሬት ከፈንጂ ማጽዳት ዓመታት የፈጀ ሥራ ነበር።

የጦርነት ሕግ ግን መለየትን ያዛል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮል ተዋጊን ከሰላማዊ ሰው መለየትን፣ በሰላማዊ ሰዎች ላይ የሚደርሰው ጉዳትም ከሚጠበቀው ወታደራዊ ጥቅም እንዳይበልጥ መመዘንን ይጠይቃል። ፈንጂ ይህን ማድረግ አይችልም።

ይህን ክፍተት አይተው የተነሡት በአብዛኛው ተራ ዜጎችና ማኅበራት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 ስድስት ድርጅቶች ፈንጂን ለማስከልከል ዘመቻ ጀመሩ፤ አስተባባሪያቸው አሜሪካዊቷ ጆዲ ዊሊያምስ ነበረች። በአምስት ዓመት ውስጥ፣ በታኅሣሥ 1997 (እ.ኤ.አ.)፣ 122 አገሮች በኦታዋ ተሰብስበው ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን ስምምነት ፈረሙ። ኢትዮጵያም ፈርማ በ2004 አጸደቀችው። ዊሊያምስና ዘመቻው የ1997 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል የሰላም ሽልማት ተጋሩ። እርግጥ አሜሪካ፣ ሩሲያና ቻይና አልገቡበትም፤ በ2025 ደግሞ ጥቂት የአውሮፓ አገሮች ለመውጣት ወስነዋል። ሕግ ከወጣም በኋላ ጠባቂ ይፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በራሳቸው የሚገድሉ መሣሪያዎችን የሚቃወም ዘመቻ ለንደን ላይ ሲጀመር ዊሊያምስ እዚያም ነበረች። በ2021 ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ፣ ሰውን ዒላማ የሚያደርጉት እንዲከለከሉ ጠየቀ። በታኅሣሥ 2023 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 152 አገሮች ጉዳዩ በአስቸኳይ እንዲታይ ድምፅ ሰጡ። አስገዳጅ ስምምነት ግን ገና አልተፈረመም።

ደጋፊዎቻቸው «ማሽን አይደክምም፣ አይቆጣም፣ አይበቀልም» ይላሉ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። እኛ የሂሳብ ሠራተኞችም የሂሳብ ሶፍትዌር ከእኛ ፈጥኖና ሳይሳሳት እንደሚደምር እናውቃለን። ይሁንና ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀው ሶፍትዌሩን ሳይሆን የፈረመውን ሰው ነው። ማሽን በስህተት የሠርግ ድንኳን ቢመታ ፍርድ ቤት የሚቆመው ማን ነው? አዛዡ ነው? ሶፍትዌሩን የጻፈው ነው? ወይስ የሸጠው ኩባንያ? ሁሉም ወደ ሌላው ከጠቆሙ ለሟች ቤተሰብ መልስ የሚሰጥ አይኖርም።

እኛ ለመቶ ብር ሦስት ፊርማ እንጠይቃለን። ለሰው ሕይወት ቢያንስ አንድ ፊርማ መጠየቅ የበዛ አይመስለንም። በሚቀጥለው ስብሰባችን ቡና እየጠጣን እንወያይበት።